ወጨጫን በኮረኮንች፦ የሱባ ደን ጉብኝት ለሚያስቡ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው በተራራና በደን መንገድ የሚያስጎበኙ ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ አለ፦ ጭቃ የለበሰ ላንድክሩዘር፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ እጁን የዘረጋ ወጣት። ስለ አስጎብኚው አንድ ቃል የለም፤ ስለ ሾፌሩም እንዲሁ። አክስቴን ይዤ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መኪናውን ተዉትና ሰዎቹን አጣሩ። መኪናው ደኑ ድረስ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ መቼ ሞተር አጥፍቶ «እንውረድ» እንደሚል በሚያውቅ ሰው እጅ ነው።

ቦታውን ለማያውቁት፣ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥብቅ ደን ነው። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ነው። ከአየር ጤና ሆናችሁ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ስትመለከቱ ከፊታችሁ የሚገተረው እሱ ነው። ከተማው በየዓመቱ ወደ እግሩ ይጠጋል። ሰበታ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ገብታለች፤ ዓለም ገና ከአዲስ አበባ የምትለይበትን ቦታ ለይቶ የሚያሳየኝ ሰው ካገኘሁ ምሳ እጋብዛለሁ። ይሁን እንጂ ሰበታ ላይ ከዋናው የጅማ አስፋልት ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ሽቅብ ስትሉ ሕንፃው ያልቅና ማሳው ይጀምራል፤ ከዚያ ኮረኮንቹ ይቀበላችኋል።

ከመክፈሌ በፊት ለተለያዩ አስጎብኚዎች ደውዬ ነበር። መጀመሪያ ያነጋገርኩት ድርጅት ስለ መኪናው ስጠይቀው የጎማውን ፎቶግራፍ ጭምር ላከልኝ። «አስጎብኚው ማን ነው?» ስለው ግን «ሾፌሩ አካባቢውን አብጠርጥሮ ያውቃል» ብሎ አለፈኝ። ይህን መልስ ስትሰሙ ሌላ ቦታ ደውሉ። ሾፌሩ የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆን እንደዚህ ባለ መንገድ ላይ ዓይኑ ድንጋዩና ቦዩ ላይ መሆን አለበት፤ ዛፍ ላይ ያለ ጉሬዛ እየፈለገ የሚነዳ ሾፌር አልፈልግም። ሁለተኛው ድርጅት «እኛ ሾፌርና አንድ አስተናጋጅ ይዘን እንመጣለን፤ ደኑ ውስጥ ግን የአካባቢው ልጅ ነው የሚመራን፣ እሱ ሳይኖር አንገባም» አለኝ። ተስማማሁ። ዋጋው ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፤ አልቆጨኝም።

ሌላውን ነገር ሁሉ በዚያው ስልክ ጨርሱት። የመግቢያው ክፍያ ከዋጋው ውስጥ አለ ወይስ እናንተ በር ላይ ትከፍላላችሁ? ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የሚከፈለው ስለሚለያይ መታወቂያ ያዙ፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ ካለም ቀድማችሁ ተናገሩ። በአንድ መኪና ስንት ሰው ነው የሚጫነው? ስኮርታ፣ ክሪክና መጎተቻ ገመድ አለ? (ይህን ስጠይቅ የሳቀብኝ ሰው በኋላ ራሱ ገመዱን አውጥቶ አሳየኝ።) ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ምሳው የጾም ነው? ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ቢጥል ጉዞው ይሰረዛል ወይስ ገንዘቤ ይቀራል? «ምንም ዝናብ አያቆመንም» የሚል ሰው ጀግና መስሎ ቢታያችሁም፣ ጭቃ ውስጥ ስትገፉ የምትውሉት እናንተ ናችሁ። ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታም በዋዜማው እዚያው ካሉ ሰዎች ጠይቀው እንዲያረጋግጡላችሁ አስገድዷቸው። የእኛዎቹ ሳይነገራቸው ደውለው ነበር።

ወቅቱን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ተዉት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ውርጭ አለና ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ በልግ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

ከአየር ጤና የተነሳነው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ላይ አትደራደሩ። አንደኛ፣ ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ያለው የጭነት መኪና ሰልፍ ከረፈደ አያሳልፍም። ሁለተኛ፣ እንስሳቱን የምታዩት ጠዋት ነው።

አቀማመጥ ብዙ ሰው የማያስብበት ነገር ነው። አክስቴ ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ ወገባቸውን አንዳንድ ቀን የሚያማቸው ሴት ናቸው። አስተናጋጁ ለአክብሮት ብሎ ጋቢና ሊያስቀምጣቸው ሲል ሾፌሩም ደግፎ «እማማ ከፊት፤ ከኋለኛው እግር በላይ የተቀመጠ ሰው ነው የሚፈናጠረው» አለ። ትክክል ነው። በኋለኛው ጎማ ላይ የሚያርፈው ወንበር እያንዳንዱን ድንጋይ እጥፍ አድርጎ ያስተላልፋል። አንዳንድ መኪና ደግሞ ከኋላ በጎንና በጎን ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ አግዳሚ አለው፤ ማቅለሽለሽ የሚቀናው ሰው እዚያ ፈጽሞ አይቀመጥ። ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ፣ ስልኩን ትቶ፣ ሩቅ ያለውን መንገድ ይመልከት። ቁርስም ቀለል ያለ ይሁን፤ ባዶ ሆድ ግን ይብሳል።

ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ ያለውን መንገድ ፒስታ ለማለትም ያስቸግራል። ከፊሉ ድንጋይ ነው፣ ከፊሉ ጎርፍ የበላው ቦይ ነው፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ጥቁር አፈር አለ። እኛ ከመድረሳችን ከቀናት በፊት ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ጥሎ ስለነበር አንድ ቦታ ላይ መንገዱን ያቋረጠ ረግረግ አገኘን። ከኋላችን የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው «ጋሼ፣ በፍጥነት ግባበት፤ ውኃው ሲረጭ እንቅረጸው» አሉት። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ወረደ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለና ዱላ አንስቶ ጭቃውን እየወጋ ከዳር እስከ ዳር ተራመደበት። ተመልሶም ነገሩን በደንብ አስረዳን። ጥቁር አፈር በጋ ሲሆን ይሰነጣጠቃል፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ ሊጥ ነው። ጎማ በባዶ ከዞረበት ጉድጓዱን ለራሱ እየቆፈረ ይወርዳል።

ከዚያ ያደረገውን ነገር የጥሩ ሾፌር መለያ አድርጌ ይዤዋለሁ። ሁላችንንም አወረደን። አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ ያስገባው ጭቃው ውስጥ ከተያዘ በኋላ ሳይሆን ከዳር ቆሞ ነው። በከባዱ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳያበዛ፣ መሃል ላይ ማርሽ ሳይቀይር በዝግታ ተሻገረ። የሚረጭ ውኃም የሚቀረጽ ነገርም አልነበረም። አክስቴን «እርስዎ ይቀመጡ» ቢላቸው «ልጆቹ በእግራቸው እየሄዱ እኔ ሬሳ ነኝ እንዴ?» ብለው ነጠላቸውን አጣፉና በዳር በዳር ባለው ሣር ከሁላችን ቀድመው ተሻገሩ።

ደኑ ጋ ስንደርስ የሚመራን ልጅ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ከአክስቴ ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ሲለዋወጡ ቆዩ። (እሳቸው የተወለዱት ሆለታ አካባቢ ስለሆነ ቋንቋው አፋቸውን የፈቱበት ነው፤ እኔ ከ«አካም» አላልፍም።) ልጁ መጀመሪያ የጠየቀው ነገር ሾፌሩ መኪናውን እዚያው እንዲያቆም ነው። ወጣቶቹ ቅር አላቸው፤ የከፈሉት ለመኪና ጉዞ መሆኑን አስታወሱት። «ወደ ላይ በመኪና እንወጣለን፤ አሁን ግን ፀሐይ እየሞቁ ነው» አላቸው።

ፀሐይ የሚሞቁት ጉሬዛዎች ነበሩ። ጠዋት ከብርዱ ለመላቀቅ ዛፍ አናት ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ፤ ቀኑ ሲሞቅ ወደ ጥላው ይገባሉ፣ ያን ጊዜ ጅራታቸውን ብታዩ እድለኞች ናችሁ። ጥቁሩ ገላቸው ላይ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው የወረደው ነጭ ጸጉር ሲዘሉ ይዘረጋል። ምግባቸው በአብዛኛው ቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ በቀላሉ አይፈጭም፣ ስለዚህ የቀናቸውን ትልቁን ክፍል ተቀምጠው ያሳልፉታል። አውራ ጣት የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ልጁ እጃቸውን እንድናይ አቅርቦ ማያ መነጽሩን ሰጠን። አንዷ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል ታቅፋ ነበር፤ ሲወለዱ እንደዚያ ናቸው፣ ጥቁሩ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። የሞተር ድምፅ ቢኖር ይህን ሁሉ አናይም ነበር። በነገራችን ላይ አቅርቦ ማያ መነጽር ካላችሁ የራሳችሁን ያዙ፤ አንዱን ለስድስት ሰው መቀባበል ትዕግሥት ይጨርሳል።

ትንሽ እንደሄድን ከቁጥቋጦው ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ። አክስቴ «ውሻ እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ። ልጁ ፈገግ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ድኩላ ነበር፤ ሲደነግጥ እንደዚያ ይጮኻል። በዚህ ደን ያለው የምኒልክ ድኩላ የሚባለው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ዓይነት ነው፣ ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላል። እኛ ያየነው ኮቴውን ብቻ ነው። ነብርም አለ፤ አትጠብቁት። አስጎብኚ «ነብር አሳያችኋለሁ» ካላችሁ ሌላውንም ነገር ተጠራጠሩት።

ወፍ ለማየት የሚመጡ ሰዎች ስለ ሱባ የሚያወሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጀርባውና ደረቱ አረንጓዴ፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ያለበት ቱራኮ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ ከቅጠሉ አይለይም፤ ክንፉን ሲዘረጋ ግን ደማቅ ቀይ ይወጣል። ያ ቀለም መዳብ ያለበት ነው ብሎ ልጁ ሲነግረን አላመንኩትም ነበር፤ ቤት ገብቼ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ስለ ደኑ ታሪክ ልጁም አክስቴም የሚሉት ነበራቸው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት፣ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ በአፄ ምኒልክ ጊዜ እንዳይቆረጥ ጥበቃ ተደረገለት። ይህን ለመረዳት እንጦጦን ማሰብ ይበቃል፤ በዙሪያው የነበረው ጽድ ለአዲሲቱ ከተማ ቤትና ማገዶ ሆኖ ሲያልቅ ነው በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ የገባው። ባሕር ዛፍ ሥር የሚበቅል ነገር ጥቂት ነው። ሱባ ላይ ግን ትልልቁ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ቆሞ ከሥሩ ሌላ ደን አለ፦ ሐረግ፣ ቀጋ፣ ዳማከሴ፣ ሳማ። በተለይ ሳማውን ልብ በሉ። ሙሉ ሱሪና የተዘጋ ጫማ አድርጉ፤ ቁምጣ ለብሶ የመጣው ወጣት ከሰዓት በኋላ ሙሉ እግሩን ሲያክ ዋለ። አክስቴ አንድ ግንድ ሥር ቆመው ወደ ላይ እያዩ «ይሄ ኮሶ ነው፤ እናቴ በዓመት ሁለቴ ታጠጣን ነበር፣ እንኳን አሁን ቀረ» አሉ። ልጁ የማያውቀውን የዝግጅቱን ነገር ሲያብራሩለት አስጎብኚው ማን እንደሆነ ጠፋን።

ወደ ላይ የወጣነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ዓይነት መንገድ ያገኘነውም እዚያ ነው። ጠመዝማዛ ዳገት፣ የወደቀ ግንድ፣ በአንድ በኩል ገደል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ለአጭር ጊዜ። ቀበቷችሁን እሰሩ፣ ከላይ ያለውን መያዣ ያዙ፣ ግን ክንዳችሁን አታድርቁ፤ ሰውነቱን የሚያደነድን ሰው ነው ማታ ላይ አንገቱን የሚያመው። እጃችሁን በመስኮት አታውጡ፤ ቅርንጫፉ ቅርብ ነው። ሌላ ነገር ባትሰሙኝ ይህን ስሙኝ፦ ጣሪያ ላይ አትውጡ። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ወጣት የቆመ መኪና ላይ ነው የተቀመጠው።

መንገዱ ያለቀበት ቦታ ላይ አክስቴና ሾፌሩ ቴርሞስ ይዘው ቀሩ፤ እኛ በእግር ወጣን። ከፍ ባልን ቁጥር ትልልቁ ዛፍ እያነሰ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ እየበዛ ይሄዳል። ትንፋሽ ያጥራል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ከባድ አይደለም፤ ትናንት ከባሕር ጠለል አካባቢ ካለ አገር የመጣ እንግዳ ከሆነ ግን ጥቂት ቀን ከተማው ውስጥ ቆይቶ ቢወጣ ይሻላል። ገላጣው ላይ ስንደርስ በስተምሥራቅ አዲስ አበባ አቧራና ጢስ ለብሳ ታየች። ልጁ በጣቱ እየቆጠረ ፉሪን፣ የረርን፣ በስተደቡብ ምሥራቅም ርቆ ብቻውን የቆመውን ዝቋላን አሳየን። ወጨጫን ጨምሮ አራቱም የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። የምንኖርበት ከተማ በእነዚህ መካከል እንዳለ ከዚያ ሆኖ ማየት ከካርታ ይለያል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የበለጠ ሾፌር ይፈትናል። የእኛ ሰው ገና ከላይ ከባዱን ማርሽ አስገብቶ መኪናው በማርሹ ተይዞ እንዲወርድ ለቀቀው፤ ፍሬን የነካው አልፎ አልፎ ነው። ታች ስንደርስ ያገኘነው የሌላ ቡድን መኪና ግን የተቃጠለ ፍሬን ሽታው ከሩቅ ይጣራ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ዳር ላይ ተቀምጠው እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ሾፌራችሁ ረጅም ቁልቁለት ላይ እግሩን ከፍሬን የማያነሳ ከሆነ በትሕትና «በማርሽ አይሻልም ወይ?» በሉት። ቢቆጣም ይቆጣ።

መንደሮቹ ውስጥ ስታልፉ ልጆች ከመኪናው ጋር ይሮጣሉ። ከመስኮት ከረሜላ የሚወረውር ሰው አጋጥሟችሁ ከሆነ አስቁሙት፤ ልጆቹ ጎማ ሥር የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነው። መስጠት ከፈለጋችሁ ቆማችሁ፣ ወርዳችሁ፣ ሰላም ብላችሁ ከወላጆቻቸው እንቁላል ወይም ድንች ግዙ። ፎቶግራፍ ለማንሳትም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ በተለይ በእርሻ ላይ ያለን ሰው። አቧራውን ለመቀነስ ሾፌሩ በቤቶች አጠገብ ቀስ እንዲል ንገሩት፤ የተሰጣ እህል አለ።

ምሳችን ሽሮና ጎመን ነበር፣ በቂ ነበር። ውኃ ግን ከሚመስላችሁ በላይ ያዙ፤ የያዛችሁትን ፕላስቲክም ይዛችሁ ተመለሱ። ለደኑ አስጎብኚ የሚሰጠው ጉርሻ ለብቻው ለእሱ በእጁ ይሰጥ፤ ለድርጅቱ ሰው «አካፍለው» ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ የት እንደሚደርስ አታውቁም። እኛ ለሾፌሩም ለብቻ ሰጠነው፣ ስልኩንም ተቀበልን።

ስልኩን የተቀበሉት አክስቴ ናቸው። ሰበታ ሳንደርስ ዝቋላ ስለ መሄድ መደራደር ጀምረው ነበር፤ ለአቦ፣ በጥቅምት 5። ሾፌሩ በዚያ ቀንና በመጋቢት 5 መንገዱ በተሳላሚ ስለሚሞላ መኪና ወደ ተራራው ማውጣት እንደማይመክር፣ ሌላ ቀን ግን የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቆ፣ መንገዱ ከደረቀ እስከ አናቱ ሐይቅ ድረስ ሊያደርሳቸው እንደሚችል ነገራቸው። «ያው በጋቢና» አሉት። «በጋቢና፣ እማማ» አላቸው።